የመነኩሲቷ ቤት ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በኦስትሪያ፣ ከዛልስቡርግ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጎልደንሽታይን የሚባል ጥንታዊ ግንብ አለ። ግንቡ ከ1877 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የካቶሊክ መነኮሳት ገዳምም የልጃገረዶች ትምህርት ቤትም ሆኖ ኖሯል። በሴፕቴምበር 2025 ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ ሦስት መነኮሳት ከአረጋውያን መጦሪያ ወጥተው ወደዚህ ግንብ መጡ። በሩ ተቆልፏል። ድሮ ያስተማሯቸው ልጆች፣ ዛሬ ራሳቸው በዕድሜ የገፉ፣ አጅበዋቸዋል። ቁልፍ ሠሪ ተጠራ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሦስቱ አረጋውያት ገቡ።

ዓለም ዜናውን በፈገግታ ነበር የተቀበለው። «ከመጦሪያ ያመለጡት መነኮሳት» ተባለ፤ ፎቷቸው በማኅበራዊ ሚዲያ ተዟዟረ፤ ሰው ሳቀ፣ አደነቀ፣ አለፈ። የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረውም። መነኮሳቱ በ2023 መጨረሻ ወደ መጦሪያው የተወሰድነው ያለ ፈቃዳችን ነው ይላሉ። የበላያቸው የሆኑት የወንዶች ገዳም አለቃ በበኩላቸው የመነኮሳቱ ጤና ደክሟል፣ ግንቡ ለመኖሪያ አይመችም፣ መጦሪያው የተሻለ እንክብካቤ ይሰጣል ይላሉ። የሁለቱም ቃል ይሰማ። አንድ ነገር ግን ማንም አይክድም፦ ሴቶቹ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትና ያስተማሩበት ቤት የእነርሱ አይደለም። ግንቡ ከ2022 ጀምሮ በሀገረ ስብከቱና በወንዶቹ ገዳም እጅ ነው። ለዚህ ነው ሦስት አስተማሪዎች ወደ ቤታቸው ለመግባት ቁልፍ ሠሪ ያስፈለጋቸው።

«የካቶሊክ መነኮሳት ዛሬ የት ይኖራሉ?» የሚለው ጥያቄ የካርታ ጥያቄ ይመስላል፤ እዚህ ይህን ያህል፣ እዚያ ያን ያህል ተብሎ የሚመለስ። ነገር ግን ጥያቄው ከካርታ ይልቅ የቁልፍ ጥያቄ ነው። ትኖርበታለች፤ ታጸዳዋለች፤ ትጸልይበታለች፤ ሕመምተኛ ታስታምምበታለች፤ ልጅ ታስተምርበታለች። ውጪ ሲባሉ መውጣት፣ ሂጂ ሲባሉ መሄድ የእርሷ ድርሻ ነው። ቁልፉ ግን በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

«ሲስተር» ማለት ማን ናት?

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ «መነኩሲት» ሲባል ቀድሞ የሚታየው እማሆይ ናቸው፤ ቆብ የደፉ፣ መቋሚያ የያዙ፣ ገዳም የዘጉ ወይም በደጀ ሰላም የሚኖሩ። የካቶሊኳ መነኩሲት ከዚህ ትለያለች። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ በአጥር ውስጥ ተዘግተው በጸሎት የሚኖሩ ናቸው። ሁለተኞቹና እጅግ የሚበዙት ደግሞ ማኅበር ውስጥ ገብተው በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ የሚሠሩት ናቸው። ሕዝቡ «ሲስተር» የሚላቸው እነዚህን ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ነርሷ እስከ ዛሬ «ሲስተር» እየተባለች የምትጠራው በከንቱ አይደለም። ቃሉ የመጣው ከዚያው፣ የሕመምተኛን ቁስል ካጠቡት መነኮሳት ነው። ስሙ ለሙያው ቀርቷል፤ ለስሙ ባለቤቶች ምን ቀረ የሚለው ነው ጥያቄው።

ካርታው ሲገለበጥ

በ1970 ገደማ በዓለም ላይ 1 ሚሊዮን ያህል የካቶሊክ መነኮሳት ነበሩ። ቫቲካን ራሷ በምታወጣው መዝገብ መሠረት በ2022 መጨረሻ ቁጥራቸው 599,228 ሆኗል። በግማሽ ምዕተ ዓመት ከአሥሩ አራቱ ጠፉ ማለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ ውድቀቱ ይብሳል፦ በ1965 ወደ 180,000 የነበሩት ዛሬ ከ40,000 በታች ናቸው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ አረጋውያት ናቸው።

የቀሩት የት ናቸው? ሲሶው ገደማ አሁንም በአውሮፓ ናቸው፤ ግን እያረጁና እየቀነሱ። 30 በመቶ ያህሉ በእስያ፣ 23 በመቶ ያህሉ በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ፣ 14 በመቶ ያህሉ በአፍሪካ ይኖራሉ። ሕንድ ብቻዋን ከ100,000 በላይ መነኮሳት እንዳሏት ይነገራል። ቁጥሩ በግልጽ እያደገ ያለው በአፍሪካ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከጣሊያን፣ ከፈረንሳይ፣ ከአየርላንድ ወደ አፍሪካ መርከብ ይሳፈሩ ነበር። ዛሬ አውሮፕላኑ የሚበረው በተቃራኒው ነው፤ ከናይሮቢ፣ ከኪንሻሳ፣ ከኬረላ ወደ ሮም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆምና «እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኒቱ ወደ ደቡብ ዞረች፤ አፍሪካ ተራዋ ደረሰ» ብሎ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ችኩል ነው። የሰው ኃይሉ ወደ ደቡብ ዞሯል፤ ሥልጣኑና ሕንፃው ግን አልዞረም። ከአፍሪካ ወደ ሮም የምትበረው ወጣት መነኩሲት አውሮፓን ልትሰብክ ትሄድ ይሆናል። ወደ ሰው ወጥ ቤት የምትገባም አለች።

የካርዲናሉ ወጥ ቤት

ይህን የሚለው የቤተ ክርስቲያን ጠላት አይደለም። በማርች 2018 የቫቲካን ጋዜጣ የሎሴርቫቶሬ ሮማኖ ወርኃዊ የሴቶች መጽሔት ራሱ ጉዳዩን አደባባይ አወጣው። ጽሑፉ ስማቸው የተቀየረ መነኮሳትን አናገረ። በካርዲናልና በጳጳስ ቤት ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ቁርስ የሚያሰናዱ፣ ልብስ የሚያጥቡና የሚተኩሱ፣ እራት ቀርቦ ዕቃ ታጥቦ ካለቀ በኋላ የሚተኙ ሴቶች ናቸው። የሥራ ውል የለም። የሥራ ሰዓት የለም። ክፍያው ወይ ጥቂት ነው፣ ወይ ጭራሽ የለም። ካበሰሉት ማዕድ አብረው እንዲቀመጡ የሚጋበዙትም ጥቂት ናቸው። በሥነ መለኮት የዶክትሬት ዲግሪ ይዘው ሳለ ድንገት ወጥ ቤት የተመደቡ መነኮሳት እንዳሉም ተጽፏል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ለምን ዝም እንደሚሉ የተነገረው ነው። ማኅበሩ የአንዷን እናት አሳክሟል፤ የሌላዋን ወንድም አስተምሯል። ስለዚህ አትናገርም። ተመልሳ ወደ አገሯ ብትሄድ ቤተሰቧ ያፍራል። ስለዚህ አትመለስም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ታሪክ የት ያውቀዋል? ከቤይሩት ያውቀዋል፤ ከሪያድ ያውቀዋል፤ ከዱባይ ያውቀዋል። ልጁን ወይም እኅቱን ወደ ዓረብ አገር የላከ ሰው በሰው ቤት መኖርና በቤቱ ሥራ መታሰር ምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። የምትተኛበት ክፍል የአሠሪዋ ነው፤ መኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም ነው፤ ሥራዋን ስታጣ በዚያው ቀን ቤቷንም አገሩንም ታጣለች። እርግጥ መነኩሲቷ የገባችው በደላላ ሳይሆን በእምነቷ ነው፤ ብዙዎቹም በደስታ ይኖራሉ። በሮም በሰው ወጥ ቤት የምትሠራው መነኩሲት ሁኔታ ግን በአንድ በኩል ከዓረብ አገር ሠራተኛዋም ያንሳል፦ ያቺ ቢያንስ «ደመወዜን» ብላ የምትጠይቀው ነገር አላት። ይህቺ ብትጠይቅ «ስእለትሽ የት ሄደ?» ትባላለች።

«ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል» ይላል የአገሩ ሰው። ነጻ ጉልበት «አገልግሎት» ተብሎ ይሰየማል። ጡረታ አልባነት «ፈቃደኛ ድህነት» ይባላል። አለመጠየቅ «ታዛዥነት» ይባላል። ስሙ ከተለወጠ በኋላ መብላቱ ኃጢአት መሆኑ ይቀራል።

«ፈቅዳ ነው የገባችው» ለሚሉ

ክርክሩን በደካማ ጎኑ መያዝ አይገባም፤ ተቃዋሚው የሚለውን በሚገባ እንየው። መነኩሲቷ ሦስት ቃል ኪዳን ገብታለች፦ ድህነት፣ ንጽሕና፣ ታዛዥነት። ማንም አላስገደዳትም። የእኔ የምትለው ንብረት እንደማይኖራት አውቃ ነው የገባችው። ማኅበሩ ያበላታል፣ ያለብሳታል፣ ያስታምማታል፣ ስትሞት ይቀብራታል። ታዲያ ቁልፍ ምን ያደርግላታል? ደመወዝስ ለምኗ ነው? ይላሉ።

መልሱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የድህነት ቃል ኪዳን የተገባው ለእግዚአብሔር ነው፤ ለካርዲናሉ ማጀት አይደለም። ድሃ ለመሆን መማል አንድ ነገር ነው፤ የሌላው ሰው ምቾት ርካሽ እንዲሆን መማል ሌላ ነገር ነው። ፖፕ ፍራንሲስ ራሳቸው በ2019 ለማኅበራት አለቆች ሲናገሩ መነኩሲት የመነኮሰችው የካህን ገረድ ለመሆን እንዳልሆነ አስረግጠው ነበር። ጳጳሱ እንዲህ ካሉ «ስእለት ነው» እያለ የሚከራከረው ከማን ወገን ሆኖ ነው?

ሁለተኛ፣ ድህነቱ ለሁለቱም ወገን እኩል አይደለም። የሀገረ ስብከት ካህን የድህነት ስእለት የለበትም፤ በብዙ አገር ደመወዝና ጡረታ አለው። በአሜሪካ መነኮሳት ለአሥርት ዓመታት በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ለስም ያህል በምትሆን አበል አስተማሩ። የመንግሥት የጡረታ ሥርዓት ውስጥ ለመግባት ሕግ የፈቀደላቸው በ1972 ነው። ለስም ያህል አበል ላይ የሚታሰብ ጡረታ ደግሞ የስም ጡረታ ነው። የአሜሪካ ካቶሊኮች ከ1988 ጀምሮ ለአረጋውያን ገዳማውያን በየዓመቱ ልዩ መዋጮ የሚሰበስቡት ለዚህ ነው። አንድ ሕዝብ በነጻ ያስተማሩትን ሴቶች ለማስታመም በየዓመቱ ሙዳየ ምጽዋት ማዞሩ ደግነት ይባላል። ቀድሞ በጊዜው የሚከፈል ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ግን ምጽዋት ባላስፈለገ።

ሦስተኛ፣ «ማኅበሩ ይጦራታል» የሚለው እውነት የሚሆነው ውስጥ እስካለች ድረስ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ቀኖና ሕግ ቁጥር 702 ከማኅበር የወጣ ወይም የተሰናበተ ሰው ለሠራው ሥራ ከማኅበሩ ምንም ሊጠይቅ አይችልም ይላል። እርግጥ ይኸው አንቀጽ ማኅበሩ በፍትሕና በክርስቲያናዊ ፍቅር እንዲያስተናግደው ያዝዛል። መብቱ ግን ተቆርጧል፤ የቀረው ደግነት ነው። ደግነት ደግሞ እንደ ሰዉ ነው። በ2020 የገዳማውያንን ጉዳይ የሚመራው የቫቲካን ቢሮ ኃላፊ የነበሩት ካርዲናል ብራዝ ዴ አቪስ በአለቆቻቸው ጎዳና ላይ የተጣሉ፣ በተለይ ከውጭ አገር የመጡ መነኮሳት መኖራቸውን ተናገሩ። ለእነርሱም በሮም መጠለያ ቤት እንዲከፈት ፖፑ መወሰናቸውን ገለጹ።

ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይነበብ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በማዕከሏ፣ በሮም ከተማ፣ ለራሷ መነኮሳት የቤት አልባዎች መጠለያ ከፈተች። «ዛሬ የት ይኖራሉ?» ለሚለው ከመልሶቹ አንዱ ይኸውና።

ቤቱ የእነርሱ ሲሆን

«መነኮሳቱ ንብረት ቢይዙ ምን ያደርጉበታል? አርጅተዋል፤ ይበትኑታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ምን እንደሚያደርጉበት በኒው ኦርሊንስ ታይቷል።

የቅዱስ ዮሴፍ ማኅበር መነኮሳት በዚያች ከተማ በሚራቦ ጎዳና ላይ ገዳም ነበራቸው። በ2005 የካትሪና ማዕበል ውኃ አጥለቀለቀው፤ በዓመቱ መብረቅ መታውና ተቃጠለ። ባዶ መሬቱ 25 ኤከር ያህል ነው፤ በከተማ መሐል። ገንቢ ቢሸጡለት ቪላ ይሆን ነበር። መነኮሳቱ ግን መሬቱን በዓመት 1 ዶላር ኪራይ ለከተማው ሰጡት፤ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበትና ሰፈሩን ከመጥለቅለቅ የሚያድን የውኃ መናፈሻ እንዲሆን። ይህን ለማድረግ የማንንም ጳጳስ ኪስ መፈተሽ አላስፈለጋቸውም፤ ምክንያቱም መሬቱ የማኅበራቸው ነበር። ቁልፉ በእጃቸው ሲሆን የሠሩት ይህንን ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ቫቲካን በ2018 ባወጣችው መመሪያ እንይ። በአጥር ተዘግተው የሚጸልዩ መነኮሳት ገዳም የአባላቱ ቁጥር ወደ አምስት ሲወርድ አለቃቸውን የመምረጥ መብታቸውን ያጣሉ። ምክንያቱ ይገባል፤ አምስት አረጋውያት ትልቅ ገዳም ማስተዳደር ይከብዳቸዋል፤ የሚያታልላቸውም ይበዛል። ሆኖም አዝማሚያው ግልጽ ነው፦ ሴቶቹ ሲያንሱና ሲያረጁ፣ ማለትም ድምፃቸው ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ጊዜ፣ ድምፃቸው ይወሰዳል። የጎልደንሽታይን ሦስቱ አረጋውያት ታሪክም ይኸው ነው።

ሌላው ሲወጣ የሚቀሩት

ስለ ሮም ብቻ ማውራት መነኮሳቱን መበደል ይሆናል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ የሚኖሩት በካርዲናል ቤት ሳይሆን ማንም ሊኖርበት በማይፈልግ ቦታ ነው።

በማርች 2016 በየመን፣ በኤደን ከተማ፣ ታጣቂዎች የማዘር ቴሬሳ ማኅበር የአረጋውያን ቤት ገብተው አራት መነኮሳት ገደሉ። ሁለቱ የሩዋንዳ፣ አንዷ የኬንያ፣ አንዷ የሕንድ ልጆች ነበሩ። ኤምባሲዎች ከኤደን ከወጡ ቆይተው ነበር፤ መነኮሳቱ ግን ትተዋቸው የማይሄዱ ሽማግሌዎች ነበሩባቸው። በሴፕቴምበር 2022 በሰሜን ሞዛምቢክ ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው ጣሊያናዊት የኮምቦኒ መነኩሲት፣ ሲስተር ማሪያ ዴ ኮፒ፣ በጥይት ተገደሉ፤ በአገሪቱ አሥርት ዓመታት ኖረዋል። በሄይቲ በጃንዋሪ 2024 ስድስት መነኮሳት ከአውቶቡስ ታግተው ተወሰዱ፤ በኋላ ተለቀቁ። በጋዛ በጦርነቱ መሐል የማዘር ቴሬሳ መነኮሳት ከአካል ጉዳተኛ ልጆች ጋር በቅድስት ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀሩ።

ከቤት አቅራቢያ ደግሞ ሌላ አለ። በጁን 2019 የኤርትራ መንግሥት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ታስተዳድራቸው የነበሩ 22 ገደማ የጤና ተቋማትን ወሰደ። ብዙዎቹን የሚያንቀሳቅሱት መነኮሳት ነበሩ። ሕመምተኛ ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ተላከ። እዚህ ላይ ቁልፉን የወሰደው ጳጳስ ሳይሆን መንግሥት ነው፤ ጳጳሳቱ በተቃራኒው ተቃውሞ ጽፈዋል። ለመነኩሲቷ ግን ውጤቱ ያው ነው፦ የሠራችው ቤት ተዘጋ፤ ያከመችው ሰው ሜዳ ላይ ቀረ፤ ማንም አላማከራትም።

ኤርትራዊቷ የኮምቦኒ መነኩሲት ሲስተር አዜዘት ኪዳኔም አሉ። በእስራኤል ከሐኪሞች የሰብአዊ መብት ድርጅት ጋር ሆነው በሲና በረሃ በሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎች የተሠቃዩትን ኤርትራውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን ቃል አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ከ1,000 በላይ ሰው በራሳቸው ቋንቋ አናግረዋል። በሰው ገላ ላይ ቀልጦ የፈሰሰ ፕላስቲክ፣ በስልክ ላይ እየጮኹ የሚለመን ቤዛ፣ ይህ ሁሉ በዓለም ዘንድ የታወቀው በከፊል በእርሳቸው ብዕር ነው። በ2012 የአሜሪካ መንግሥት ሰው በመሸጥ ላይ ከሚታገሉ ጀግኖች አንዷ አድርጎ ሸለማቸው። የሲናን ግፍ ቀድመው ከሰሙት ጆሮዎች አንዱ በክሊኒክ ውስጥ የተቀመጠች መነኩሲት ጆሮ መሆኑ አይረሳ።

በኢትዮጵያም ታሪኩ ይቀጥላል። ስድስት ኪሎ ያለው የማዘር ቴሬሳ ቤት ሌላው በር የዘጋበትን በሽተኛ የሚቀበል መሆኑን አዲስ አበባ ያውቃል። በጉራጌ፣ ከወልቂጤ አቅራቢያ፣ የአጣጥ ሆስፒታል ከ1969 ጀምሮ ከሕክምና ሚስዮን መነኮሳት ጋር ስሙ ተያይዞ ይነሣል፤ ከሩቅ ገጠር የምትመጣ ነፍሰ ጡር ምጧ ሳይደርስ ቀድማ የምታርፍበት የእናቶች ማቆያ አለው። በትግራይ ጦርነት ጊዜም ከተፈናቃዩ ጋር የቀሩት መነኮሳት ነበሩ። የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ከሕዝቡ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ በሥራቸው የተዳረሰው ሰው ግን አብዛኛው ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ነው። ስለዚህ «የካቶሊኮች የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የተወለደበትን ክሊኒክ ያጸዳችው ሴት ስታረጅ የት እንደምትወድቅ መጠየቅ ሃይማኖት አይለይም።

«አሁን ግን ሴቶች ተሹመዋል»

የመጨረሻው መከራከሪያ አዲስ ነው። በጃንዋሪ 2025 ሲስተር ሲሞና ብራምቢላ የገዳማውያንን ቢሮ እንዲመሩ ተሾሙ፤ የቫቲካንን ዋና ቢሮ ስትመራ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ከማርች 2025 ጀምሮ ደግሞ ሲስተር ራፋኤላ ፔትሪኒ የቫቲካን ከተማ መንግሥትን አስተዳደር ይመራሉ። በ2023ቱ ሲኖዶስ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ፤ ከ360 በላይ ድምፅ ሰጪዎች 54ቱ ሴቶች ነበሩ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማቃለልም አይገባም። ሲስተር ብራምቢላ በሞዛምቢክ የኖሩ የኮንሶላታ ሚስዮናዊት ናቸው፤ መነኩሲት የት እንደምትተኛ ከቢሮ ወረቀት ሳይሆን ከሕይወት ያውቁታል። ግን ሹመት አንድ፣ ሥርዓት ሌላ ነው። በሜይ 2025 ፖፕ ሊዮ 14ኛን የመረጡት 133 ካርዲናሎች ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በዓለም ያሉት ካህናት 407,000 ገደማ ናቸው፤ መነኮሳቱ 600,000 ገደማ። ብዙዎቹ ያገለግላሉ፤ ጥቂቶቹ ይመርጣሉ። ሁለት ሴቶች ላይኛው ፎቅ ስለወጡ ምድር ቤት ያለው ወጥ ቤት ተዘጋ ማለት አይደለም።

ምን ይደረግ?

የሚጠየቀው ሰማይ አይደለም። መንኩሳና ይቅር፣ ስእለት ይፍረስ የሚልም የለም። አራት ነገር ነው።

አንድ፦ ከማኅበሯ ውጭ፣ በጳጳስ ቤትም ይሁን በሴሚናሪ ወጥ ቤት፣ የምትሠራ መነኩሲት ሁሉ የተጻፈ ውል፣ የተወሰነ ሰዓትና ለማኅበሯ የሚገባ ትክክለኛ ክፍያ ይኑራት። ድህነቷ አይነካም፤ ገንዘቡ ወደ ማኅበሯ ይገባል። የሚነካው የነጻ ጉልበት ልማድ ብቻ ነው።

ሁለት፦ ሠራተኛ ሳለች ጡረታ ይቆረጥላት። በሰማንያ ዓመቷ ለምጽዋት የሚዞር ሙዳይ እንድትጠብቅ አይደረግ።

ሦስት፦ ገዳም ሲሸጥ፣ ሲዘጋ ወይም ሲዛወር በውስጡ የሚኖሩት ሴቶች የመስማማት ድምፅ ይኑራቸው፤ «ተነግሯቸዋል» የሚል ማስታወቂያ ሳይሆን ፊርማ። አንድም ሴት ብትሆን።

አራት፦ ከማኅበር የምትወጣ ሴት በደግነት ሳይሆን በመብት መቋቋሚያ ታግኝ። በሃያ ዓመቷ ገብታ በሃምሳ ዓመቷ የምትወጣ ሴት ባዶ እጇን በር ላይ ማቆም በየትኛውም የወንጌል ትርጓሜ ክርስትና አይደለም።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም አዲስ እምነት አያስፈልግም፤ ያለውን ሕግ «በፍትሕና በክርስቲያናዊ ፍቅር» የሚለውን ቃሉን በቁጥርና በቀን መተርጎም ይበቃል።

በዘመናት ውስጥ ቤት ለሌለው ቤት የሆኑት እነርሱ ናቸው፤ ለሙት ልጅ፣ ለለምጽ ሕሙም፣ ለስደተኛ፣ ለሚሞት ሽማግሌ። በሩን ለሌላው ሁሉ ሲከፍቱ የኖሩ ሴቶች በእርጅናቸው በር ለማስከፈት ቁልፍ ሠሪ መጥራታቸው የእነርሱ ውርደት አይደለም። ውርደቱ ቁልፉን በኪሱ የያዘው ሰው ነው።